ቡችላን የደጅ ልማድ ስለ ማስለመድ

ውሻ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሰው ወዳጅ ኾኖ መኖሩን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ወዳጅነቱ እስከ ደጃፍ ድረስ ነበር። በባላገር ቤት ውሻ በበረቱ አጠገብ ወይም በአጥር ሥር ያድራል፤ ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል፤ ከማዕድ የተረፈውን ይበላል። ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ተኝቶ ማደር ግን ወጉ አልነበረም፤ ስለዚህም የት ሊሸና እንደሚገባው ማንም አስተምሮት አያውቅም፤ ሜዳው ኹሉ የእርሱ ነበርና። ዛሬ በአዲስ አበባ ግቢው እየጠበበ፥ ብዙ ቤተ ሰብም በፎቅ ላይ እየኖረ ስለ ሄደ፥ ውሻ ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ቤት እየበዛ ነው። ከገባ ዘንድ ደግሞ ትምህርት ያሻዋል።

አማርኛችን ይህን ጕዳይ በጨዋ አነጋገር «ደጅ መውጣት» ይለዋል፤ ለቡችላ የሚሰጠውም ትምህርት ከዚህ ቃል አያልፍም። ቃሉ አጭር ቢኾንም ሥራው ረዥም መኾኑን ባለፈው ክረምት በቤታችን አይተናልና፥ ቡችላ ለማሳደግ ላሰቡ አንባቢዎቻችን ያየነውንና ከዐዋቂዎች የተረዳነውን ለመጻፍ ወደድን።

ቡችላው ወደ ቤታችን የመጣው በሰኔ ወር መጀመሪያ ነው። እናቱን መኪና ስለ ገጫት አንድ ዘመዳችን በስምንት ሳምንት ዕድሜው በካርቶን አድርጎ አመጣልን። ዘጠኝ ዓመት የኾናት ሴት ልጃችን የካርቶኑን ክዳን ከፍታ ባየችው ጊዜ ነገሩ ተቈረጠ፤ እኛ ገና ስንመካከር እርስዋ ስም አውጥታለት ነበር። ጠጕሩ ዥንጕርጕር ስለ ኾነ ነብሮ አለችው። ወራቱ ክረምት፥ ሌሊቱ ብርድ፥ ከእንጦጦ የሚወርደውም ጅብ በሰፈራችን ዳር የሚጮኽ ስለ ኾነ፥ ይህን የሚያህል ፍጥረት ደጅ ማሳደር የሚቻል አልነበረም።

ነገር ግን በቤታችን እናታችን አሉ። አባታችን ካረፉ ወዲህ አገራቸውን ትተው ከእኛ ጋራ መኖር ከጀመሩ ያን ጊዜ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የጸሎት መጽሐፋቸውንና ሥዕለ ማርያምን ያኖሩበት ክፍል ከሳሎኑ ቀጥሎ ነው፤ ልጃችንም ከእርሳቸው ጋራ ትተኛለች። እናታችን ውሻን የማይወዱት በጭካኔ አይደለም። በልጅነታቸው ጎረቤታቸው የነበረ ጐልማሳ በእብድ ውሻ ተነክሶ፥ ውሃ እየፈራ ሲሞት አይተዋል። ከዚህም በላይ፥ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ የሚከለከል ሲኾን፥ ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውስጥ መመላለሱ ለእርሳቸው የሚዋጥ ነገር አልነበረም።

እኛም ነገሩን ለማለዘብ ብለን፥ በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያ ውሻ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋራ አብሮ መጓዙን አነሣንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «የጦብያ ውሻ በመንገድ ሄደ እንጂ በሰው ምንጣፍ ላይ አልሸናም» አሉን። ለዚህ የምንመልሰው አልነበረንም።

ከብዙ ንግግርም በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። «እስከ ፍልሰታ እታገሣለሁ። በሱባዔው ቤቱ ሽንት ሽንት የሚሸት እንደ ኾነ ግን እናንተ ቡችላችሁን ያዙ፥ እኔም ወደ ወንድማችሁ ቤት እሄዳለሁ» አሉ። ልጃችን ይህን ከበሩ ኋላ ቆማ ሰምታ ኖሮ፥ በዚያ ማታ እራት አልበላችም። ለእርስዋ ነገሩ ከአያትና ከቡችላ አንዱን መምረጥ ነበርና። ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 1 ቀን ያለው ጊዜ ኹለት ወር ብቻ ነው።

አስቀድሞ የቡችላን ተፈጥሮ ማወቅ ይገባል። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቱ እየላሰች ታሸናዋለች፥ ያወጣውንም እርስዋው ታጸዳለች፤ ስለዚህ የሚተኛበት ኹልጊዜ ደረቅ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ሲሞላውና እግሩ ሲጸና ከመኝታው ራቅ ብሎ መሽናትን በራሱ ይጀምራል። ስምንትና ዘጠኝ ሳምንት ሲኾነው ደግሞ ለይቶ የሚሄድበትን ቦታ መያዝ ይጀምራል። በአሜሪካ አገር ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሊቃውንት ብዙ ዓመት የውሻን ጠባይ ከቡችላነቱ ጀምረው ሲመረምሩ ቆይተው፥ ያገኙትን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትመዋል። እንግዲህ ንጽሕና ከቡችላው ጋራ የተወለደ ነገር ነው። የሚጐድለው የሰው ቤት ኹሉ መኝታ መኾኑን አለማወቁ ነው፤ ለእርሱ መኝታው ካርቶኑ ነው፥ ከካርቶኑ ኹለት ክንድ የራቀው ሳሎን ሜዳ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ዐቅሙን መመዘን ያስፈልጋል። የእንስሳት ሐኪሞች እንደ ግምት የያዙት መለኪያ ቡችላ ሽንቱን ሊይዝ የሚችለው በወር ዕድሜው ልክ፥ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተጨምሮበት ነው የሚል ነው። የኹለት ወር ቡችላ እንግዲህ ከኹለት እስከ ሦስት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ይኸውም ጸጥ ብሎ ሳለ ነው። ሲጫወት ሩብ ሰዓትም አይጠብቅም፤ ሲተኛ ግን ከዚህ አብልጦ ይይዛል። ከዐቅሙ በላይ ዘግቶበት ወጥቶ፥ ሲመለስ መቈጣት ፍርድ ማጓደል ነው።

ሰዓቱንም እንደሚከተለው ደለደልነው። ጧት በ12 ሰዓት፥ ሌላ ነገር ኹሉ ሳይሠራ፥ ቡናም ሳይፈላ፥ ቡችላው ከመኝታው ታቅፎ ይወጣል። ታቅፎ የምንለው በምክንያት ነው፤ በእግሩ እንዲሄድ የተተወ እንደ ኾነ ከመኝታው እስከ በሩ ባለው መንገድ ላይ ይሸናልና። ከወጣ በኋላ በግቢው ውስጥ ዘወትር ወደ አንድ ቦታ ይወሰዳል፤ ቦታው የትናንቱን ሽታ ስለሚይዝ ለምን እንደ መጣ ያስታውሰዋል። በዚያም ሰው ሳያጫውተው፥ ሳይናገረውም ቆሞ ይጠብቃል። ሲጨርስ ያን ጊዜውኑ «ጎበዝ» ብሎ ማመስገንና የጥፍር ያህል ቍራጭ ሥጋ መስጠት ይገባል። ምስጋናው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ የተሰጠ እንደ ኾነ፥ ቡችላው የተመሰገነው ስለ መግባቱ ይመስለዋል።

ከዚያ ቍርሱን ይበላል፤ በበላም ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ኹለተኛ ይወጣል። ሆድ ሲሞላ አንጀት መንቀሳቀሱ ለሰውም ቢኾን የተፈጥሮ ሕግ ነውና፥ ምግቡ በሰዓቱ የኾነ ቡችላ እዳሪውም በሰዓቱ ይኾናል፤ ቀኑን ሙሉ ሳሕኑ የማይነሣለት ግን መቼ እንደሚወጣ ራሱም አያውቀው። ስለዚህ ምግቡን በ12 ሰዓት ተኩል፥ በ6 ሰዓትና በ11 ሰዓት ብቻ እንሰጠው ነበር፤ ያላለቀውም ከሩብ ሰዓት በኋላ ይነሣል። ውሃ ቀኑን ሙሉ አይከለከልም፤ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ብቻ ይነሣል። እንግዲህ ከበላ በኋላ፥ ከእንቅልፉ በነቃ ቍጥር፥ ከተጫወተ በኋላ፥ ይህ ኹሉ ባይኾን እንኳ በየኹለት ሰዓቱ ይወጣል። ማታ በ4 ሰዓት የመጨረሻው ነው፤ ሌሊት በ9 ሰዓት ደግሞ አንድ ጊዜ አለ። በጠቅላላው በቀን ዐሥር ጊዜ ያህል ነው።

በመካከሉ ባለው ጊዜ ቡችላው ወይ ከሰው ዓይን ሥር ነው፥ ወይ በመኝታው ነው። ከእንጨት ሳጥን የተሠራችው መኝታው ቆሞ ለመዞር ብቻ የምትበቃው ነበረች፤ ሰፊ የኾነች እንደ ኾነ አንዱን ማዕዘን ሽንት ቤት ያደርገዋል። ሳጥኗን ከመኝታ ክፍላችን ደጃፍ አኖርናት፤ ከእናቱ የተለየ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያለቅሳል፥ የሰው ትንፋሽ በቅርብ ሲሰማ ግን ፈጥኖ ይጸናናል፤ ሽንቱም በመጣ ጊዜ ለቅሶው ይሰማል። ቀን ላይ መሬት እያሸተተ መዞር ሲጀምር፥ ጨዋታውን በድንገት ሲተው፥ ወደ መጋረጃ ኋላም ሲያመራ፥ ሰው የያዘውን ጥሎ መነሣት አለበት። ሰው ከሥራ ሲመለስ ቡችላው በደስታ እየተቅለሰለሰ ጠብ የሚያደርጋት ሽንት ግን ሌላ ነገር ናት፤ ከልማድ ማጣት የመጣች አይደለችምና በዕድሜ ትለቃለች፤ እስከዚያው ሲገቡ ዝቅ ባለ ድምፅ፥ ሳይጣደፉ ሰላምታ መስጠት ነው።

በፎቅ ለሚኖሩ ሥራው ይከብዳል። ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ ቡችላው ሊሸና ስለሚችል፥ በበረንዳ ላይ አፈር ወይም ሣር ያለበት ጠፍጣፋ ሣጥን አኑረው የሚያስተምሩ አሉ፤ ይህም ይኾናል፤ ነገር ግን በኋላ ወደ ሜዳ ሲያወጡት ኹለተኛ ትምህርት መኾኑን ዐውቆ መጀመር ይሻላል።

እኛ ጧት ወደ መሥሪያ ቤት የምንሄድ ስለ ኾነ፥ የቀኑን ሰዓት የያዘችው ልጃችን ነበረች፤ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስም የቤት ሠራተኛችን ትተካላት ነበር። አንዳንድ ሰው ቡችላ ያመጣና ቈሻሻውን ለሠራተኛ ይተዋል፤ ይህ ተገቢ አይመስለንም። በቤታችን ቡችላው በሸና ጊዜ ጠራጊዎቹ እኛው ነበርን። ልጃችን በአንድ ደብተር ላይ ሰዓቱን እያሰመረች፥ ደጅ የወጣበትን በመስቀል ምልክት፥ በቤት ውስጥ የሸናበትን በክብ ትመዘግብ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 17 ክብ ተጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት 6 ኾነ። ደብተሩን ማታ ማታ ወደ አያትዋ ወስዳ ታሳያቸው ነበር፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ክቦቹን ብቻ ይቈጥሩ ነበር።

ዘበኛችን ግን የራሱ ዘዴ ነበረው። ቡችላው በመተላለፊያው ላይ የሸናውን ባየ ጊዜ፥ አፍንጫውን በሽንቱ ላይ አሽቶ በአርጩሜ መምታት እንደሚገባ መከረን። ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንኑ ነው፤ ማስረጃውም ውሻ ጥፋቱን ያውቃል፥ ዓይኑን ሰብሮ ጅራቱንም ቈልፎ ይለማመጣል የሚል ነው። ይህን ነገር በኒው ዮርክ በበርናርድ ኮሌጅ የሚያስተምሩት አሌክሳንድራ ሆሮዊትስ በ14 ውሾች መርምረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. አሳትመዋል። ባለቤቱ ከክፍሉ ሲወጣ ውሻው የተከለከለውን ምግብ አንዳንድ ጊዜ ይበላል፥ አንዳንድ ጊዜም ሳይበላ ይቀራል፤ ለባለቤቱ የሚነገረው ግን ኹልጊዜ እውነቱ አልነበረም። የተገኘውም ነገር ያ የጥፋተኛ መልክ የሚመጣው ውሻው በማጥፋቱ ሳይኾን ባለቤቱ በመቈጣቱ መኾኑ ነው፤ እንዲያውም ሳያጠፉ የተቈጡት ውሾች መልኩን አብልጠው አሳዩ።

እንግዲህ ከሸና ሩብ ሰዓት ያለፈው ቡችላ ሲመታ የሚማረው፥ በሰው ፊት መሽናት አደገኛ መኾኑን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደጅ ቢያወጡት በሰው ፊት አይሸናም፤ ይዞት ይመለስና ከአልጋ ሥር ገብቶ ያደርገዋል። በመሽናት ላይ ሳለ የተገኘ እንደ ኾነ እጅ ማጨብጨብና አንሥቶ ማውጣት ይበቃል። ዘበኛችን ይህን ኹሉ ሰምቶ፥ «እንግዲህ ለፈረንጅ ውሻ ይኾን ይኾናል፥ ይህ ግን የሰፈር ውሻ ልጅ ነው» አለ፤ አርጩሜውን ግን ጣለው።

የሸናበትን ቦታ ማጽዳትም ዕውቀት አለበት። ሰው የጠፋ የሚመስለው ሽታ ለውሻ አፍንጫ ገና አለ፤ ሽታው ያለበትን ቦታ ደግሞ የተፈቀደ ያደርገዋል። አሞንያ ያለበት ማጽጃ ራሱ ሽንት ሽንት ስለሚሸት ይባስ ይጠራዋል። በየቤቱ የሚገኘው በረኪናም በሽንት ላይ የፈሰሰ እንደ ኾነ ዓይንና ጕሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። እኛ አስቀድመን በደረቅ ጨርቅ ተጭነን እናስመጥጥ ነበር፤ መፈተግ ወደ ምንጣፉ ውስጥ ያሰርገዋልና። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና፥ በመጨረሻም ውሃ በተቀላቀለበት ኮምጣጤ እናጥበዋለን።

ይህ ጕዳይ ወደ ቤተ መንግሥትም ደርሶ ተጽፏል። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሉሉ የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና እንደ ነበረና፥ ያንን የሚጠርግ ሎሌ እንደ ነበረ ይተርካል። መጽሐፉን ከታሪክ ይልቅ ለልብ ወለድ የቀረበ ነው ብለው የሚነቅፉት ብዙዎች ስለ ኾኑ፥ እኛም ማስረጃ አድርገን አናቀርበውም። ሉሉ ግን በእርግጥ ነበረ፤ ከጃንሆይ ጋራ በፎቶግራፍ ይታያል። ልጃችን ይህን ስትሰማ ለነብሮ ተስፋ አደረገች።

ምግቡም ከዚህ ትምህርት የሚለይ አይደለም። በከተማችን ብዙ ሰው ለውሻው ከሥጋ ቤት የሚገዛው ሳንባ ነው፤ ይህንም ጥሬውን መስጠት አይገባም። በከብት ሳንባና ጕበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስለው ነገር የትል ዕጭ ነው፤ በውሻው አንጀት አድጎ ዕንቍላሉ በእዳሪው ይወጣና ወደ ሰው፥ ይልቁንም በመሬት ላይ ወደሚጫወቱ ልጆች ይተላለፋል። በሚገባ መቀቀል ይህን ያጠፋል። የወጥ ፍርፋሪም ለውሻ መልካም አይደለም፤ የወጣችን መሠረት ቀይ ሽንኩርት ነው፥ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ያበላሻል። ምግቡ በየቀኑ የሚለዋወጥ ቡችላ ሆዱ ይላላል፤ ሆዱ የላላ ቡችላ ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም። በሰኔ የሐዋርያት ጾም ስለ ነበረ የነብሮን ሳንባ ከቤቱ ጀርባ በተለየ ድስት እናበስለው ነበር፤ እናታችንም እንዳላዩ ኾነው ያልፉ ነበር።

የትል መድኀኒቱንና ክትባቱን ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ሰጠን፤ ክትባቱም እስኪሟላ ድረስ ቡችላው ከግቢ አልወጣም። ሦስት ወር በሞላው ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ተወጋ። ለእናታችንም፥ ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የሚባል ልጅ በክትባት እንዳዳነው፥ ልጁም ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደ ነበረ አጫወትናቸው። ዕድሜውን ሲሰሙ ወደ ልጃችን ተመለከቱ። የነብሮን የክትባት ወረቀት ሦስት ጊዜ አስነበቡን፤ ከዚያም ተቀብለው በራሳቸው ሣጥን ውስጥ አኖሩት።

ሐምሌ 5 ቀን ጾሙ ተፈታ። እናታችን የንስሐ አባታቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ቡና ጠሩ። ሠራተኛችንም እንደ ወጉ ሳሎኑን ቄጤማ ጐዘጐዘችው፤ ረከቦቱ ቀረበ፥ ዕጣኑም ጨሰ። በደብተሩ ላይ አምስት ቀን ሙሉ ክብ አልተጻፈም ነበርና ልጃችን ቡችላውን ለእንግዶቹ ለማሳየት አወጣችው። ነብሮም ቄጤማውን አሸተተ፤ አንድ ጊዜ ዞረ፤ በእንግዶቹ መካከል፥ በረከቦቱ አጠገብ ሸና። ከዚያም ቀና ብሎ ልጃችንን አያት፤ ሥጋውን ይጠብቅ ነበር።

በቤቱ ጸጥታ ኾነ። ቄሱ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ልጃችን እጅዋን በፊትዋ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እናታችን ግን እንደ ጠበቅነው አልተቈጡም። ቄጤማውን አዩ፥ ቡችላውን አዩ፥ በመስኮቱም በግቢው ያለውን ሣር አዩ። «ይህ ምን አጠፋ? ሣር ላይ ሽና ተብሎ ተማረ፤ ዛሬ ሣሩ ወደ እርሱ መጣለት» አሉ። ቄሱም ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ እንግዶቹም ተከተሉ።

በእርግጥም ሐኪሞች የሚሉት ይህንኑ ነው። ቡችላ ቦታውን ብቻ ሳይኾን ከእግሩ በታች የሚሰማውን ነገር ይማራል፤ በሣር የለመደ ሣርን፥ በሲሚንቶ የለመደ ሲሚንቶን ይፈልጋል። የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ቄጤማ አይጽፉም፤ በዚያ አገር በሳሎን ሣር አይጐዘጐዝምና። እናታችን ግን ጥጃና በቅሎ ሲያሳድጉ የኖሩ ናቸው፤ እንስሳ የሚታዘዘው ለቃል ሳይኾን ለለመደው መኾኑን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

በማግሥቱ የነብሮ ቦታ ከሣሩ ወደ ግቢው ጥግ፥ ጠጠር ወደ ፈሰሰበት ተዛወረ። ሽታው እንዲያስታውሰው ሽንቱ የተመጠጠበት ጨርቅ በዚያ ተጣለ። ለመልመድ ዐሥር ቀን ያህል ፈጀ። በሐምሌ ዝናብ ቡችላ መውጣት አይወድም፤ በሩን ከፍቶ መግፋትም አይጠቅምም፤ ብቻውን የወጣ እንደ ኾነ ከክፈፉ ሥር ቆሞ ይጠብቅና ተመልሶ ሲገባ ይሸናል። ስለዚህ ጃንጥላ ይዞ እስከ ጠጠሩ ድረስ አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ቄጤማ በሚጐዘጐዝበት ቀን ደግሞ አስቀድሞ ወደ ጠጠሩ ይወሰዳል፥ ከዚያም ቡናው እስኪያልቅ ከልጃችን ወንበር ጋራ ይታሰራል።

ከኹሉ የከበደን የሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ቀን የሚሠራ ሰው በዚያ ሰዓት በብርድና በዝናብ ተነሥቶ በግቢ መቆም እንዴት እንደሚመርር የሞከረው ያውቀዋል። እናታችን ግን በዚህ ሰዓት ለጸሎት መነሣት የቆየ ልማዳቸው ነው፤ አባታችን ካረፉ ወዲህም እንቅልፋቸው ቀንሷል። ከሐምሌ 5 በኋላ በአንዱ ሌሊት የስልኩ ደወል ቀስቅሶን ስንነሣ ሳጥኗ ባዶ፥ የኋላውም በር ክፍት ኾኖ አገኘነው። እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው፥ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፥ በሌላው መብራት ይዘው ከጠጠሩ ዳር ቆመዋል። ከሩቅ ጅብ ይሰማል። «ፈጠን በል አንተ፥ ጸሎቴን አታስፈታኝ» ይሉት ነበር። እኛም ሳንናገር ተመለስን።

በነጋም ጊዜ ስለዚህ አልተናገሩም፥ እኛም አልጠየቅናቸውም። በልጃችን ደብተር ላይ ግን በ9 ሰዓት መስመር አንድ ትልቅ መስቀል በእርሳስ ተሥሎ ተገኘ፤ የልጃችን መስቀል ትንሽ ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ያ መስመር አንድ ቀንም ባዶ አልኾነም። በኋላ ስናስተውለው እናታችን የሚጠብቋቸው ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት፥ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት፥ ከነብሮ ሰዓት ጋራ እምብዛም የሚራራቁ አልነበሩም። እኛ በደወል የምንጠብቀውን ሰዓት እርሳቸው ያለ ደወል ያውቁታል። ቀንም ቢኾን ልጃችን በጨዋታ የዘገየች እንደ ኾነ፥ «ኧረ ልጄ፥ ዘጠኝ ሰዓት ኾነ» የሚሉ እርሳቸው ኾኑ።

ነሐሴ 1 ቀን ሱባዔው ገባ። በደብተሩ ላይ ክብ ከተጻፈ 11 ቀን ኾኖት ነበር። በዚያ ዕለት እናታችን ከቅዳሴ ሲመለሱ በሳሎኑ መካከል ቆመው አየሩን አሸተቱ፤ ልጃችንም በአጠገባቸው ቆማ ትንፋሽዋን ይዛ ነበር። «ዕጣን ብቻ ነው» አሉ፥ ወደ ክፍላቸውም ገቡ። ስለ ወንድማችን ቤት ከዚያ ወዲህ የተነሣ ነገር የለም።

አሁን ነብሮ ሌሊት መውጣት ከተወ ቆይቷል፤ ዐቅሙ ደርሶ ከማታ እስከ ጧት ሽንቱን ይይዛል። እናታችን በ9 ሰዓት ሲነሡ ግን ከመኝታው ተነሥቶ ሄዶ ከክፍላቸው ደጃፍ ላይ ይተኛል። ወደ ውስጥ አይገባም፤ አልተፈቀደለትም። ደብተሩም በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት የቀረው ገጽ ለሒሳብ ኾነ።